የጋሞ ምድር በመሳቢያ ውስጥ

*አርባ ምንጭን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ስለ አዞውና ስለ ሁለቱ ሐይቆች ብዙ ያወራል። የዚያ ምድር የተፈጥሮ ታሪክ ግን ግማሹ የሚገኘው ከአርባ ምንጭ ርቀው ባሉ መሳቢያዎች ውስጥ ነው። በጉዞ ላይ ትንሽ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብቶ መውጣት ለመንገደኛ ምን ይጨምርለታል?*

ከሲቀላ ወጣ ብሎ

ከአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወጣ ብሎ በአባያ ሐይቅ በኩል የሚገኘው የአዞ እርባታ ጣቢያ ለቤተሰብ ጉብኝት የተመቸ ነው። ልጆች የግንቡን ጠርዝ ይዘው ወደ ታች ያያሉ። ወላጆች ከኋላ ሆነው የልጆቻቸውን ልብስ ጨምድደው ይይዛሉ። አዞዎቹ በዕድሜ በዕድሜያቸው ተለይተው በየገንዳው ተዘርግተዋል። አንድ ላይ ቢሆኑ ትልቁ ትንሹን ከመብላት አይመለስም። አብዛኞቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያስተካክሉት ከፀሐይ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ ነው።

እንቁላሎቹ ከሐይቅ ዳር ተሰብስበው እዚህ ይፈለፈላሉ። በዱር ቢሆን ኖሮ እናቲቱ አሸዋ ቆፍራ ትቀብራቸውና ሦስት ወር ያህል ሳትርቅ ትጠብቃቸው ነበር። ጫጩቶቹ ገና እንቁላላቸው ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ትሰማለች፣ አሸዋውን ትገልጣለች፣ በአፏ ይዛም ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነው የተቀበሩበት አሸዋ ሙቀት ነው። መካከለኛ ሙቀት ወንድ ያበዛል፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲግል ሴቶቹ ይበዛሉ።

አስጎብኚዎች ጎብኚ የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች በቃላቸው ያውቃሉ። ሰው ይበላል? ስንት ዓመት ይኖራል? ቆዳው ስንት ያወጣል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል። ይህ እንስሳ የናይል አዞ ይባላል። ናይል ግን በዚህ አያልፍም። ታዲያ አዞው እዚህ ስምጥ ሸለቆ መካከል፣ ዙሪያውን በተራራ በተከበበ ሐይቅ ውስጥ እንዴት ተገኘ?

መልሱን ገንዳው ዳር ቆሞ ማግኘት አይቻልም። መልሱ ያለው ዓሣዎች በአልኮል ጠርሙስ፣ ወፎች በመሳቢያ፣ አጥንቶች በሣጥን ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ በተጻፈበት ቤት ውስጥ ነው። አርባ ምንጭና የጋሞ ዞን በአገራችን ካሉ ስፍራዎች ሁሉ የዚህን ቤት ጥቅም አጥርተው የሚያሳዩ ናቸው።

ከመንገድ ላይ የተነሣ ክንፍ

የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዋናው ዓላማ የስዌይን ቆርኬ የተባለውን የዱር እንስሳ መታደግ ነበር። ፓርኩ በአባያና በጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ፣ ከተራራው ግርጌ ምንጮቹ የሚፈልቁበትን የሾላ ደንና ከማዶ የሚታየውን የነጣ ሣር ሜዳ ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ የጥናት ቡድን በዚህ ሜዳ ሰነበተ። ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎችን መዘገበ፤ አጥቢዎችን፣ ቢራቢሮዎችንና ተሳቢዎችንም ቆጠረ። ቡድኑን በታሪክ እንዲታወስ ያደረገው ግን በፒስታው መንገድ ላይ መኪና ድጦት፣ ደርቆና ፈራርሶ የተገኘ አንድ ወፍ ነው። ከሰውነቱ ሊነሣ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር።

ክንፉ ናይትጃር በሚል ስም ከሚታወቁት ወፎች የአንዱ ነው። እነዚህ ወፎች በአማርኛ የሌሊት ወፍ ከምንላት አጥቢ እንስሳ ጋር ዝምድና የላቸውም። ቀን ቀን ደረቅ ቅጠልና አፈር በመሰለ ላባቸው ተከልለው መሬት ላይ ተለጥፈው ይውላሉ። አጠገባቸው የደረሰ ሰው እንኳ ካልተነሡ አያያቸውም። ሲመሽ ተነሥተው የሚበርሩ ነፍሳትን ያድናሉ፤ ብዙ ጊዜም መንገድ ላይ ያርፋሉ። ለመኪና ጎማ የሚዳርጋቸውም ይኸው ልማዳቸው ነው።

ክንፉ እንግሊዝ አገር ደርሶ ከሌሎች የናይትጃር ናሙናዎች ጋር ተነጻጸረ። ትልቅ ነው፤ በላዩ ያለው ነጭ ምልክትም መጠኑና ቦታው ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጣለትና አዲስ ዝርያ ተብሎ ታተመ፤ ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከል ኢትዮጵያዊም አለበት። የነጭ ሳር ናይትጃር በዓለም የወፎች መዝገብ ውስጥ የገባው በአንድ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፉ ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ ትሪንግ ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው።

> አንድ ሙሉ ዝርያ በዓለም መዝገብ የገባው በአንድ ክንፍ ነው፤ ክንፉም ያለው ከነጭ ሳር ሜዳ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ወፍ አጥኚዎች ሌሊት መብራት ይዘው ሜዳውን አሰሱ፤ ወፉን በሕይወት እንዳዩም ተናገሩ። ከመካከላቸው ደቡብ አፍሪካዊው ቨርነን ሄድ ስለ ፍለጋው መጽሐፍ ጽፏል። በሌላ በኩል ክንፉ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ሊሆን ይችላል ብለው የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ። ክርክሩ በሁለቱም ወገን የሚዞረው በዚያው ክንፍ ዙሪያ ነው። በ1990 ክንፉን ያነሣው ሰው ስለ ዘረመል ምርመራ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ከአፈሩ አንሥቶ በወጉ ስላስቀመጠው ግን ኋላ የመጣ ሰው አዲስ ጥያቄ ሊጠይቀው ይችላል።

አራት ኪሎ ቆም ማለት

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በቡታጅራና በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ በኩል አድርጎ ወላይታ ሶዶ ይደርሳል፤ ከዚያም አባያን በግራው እያየ ይወርዳል። ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ከሰዓት ቢኖረው የሚያውልበት ቦታ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትንሽ ነው። በአቅራቢያው ሉሲን ለማየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ከሚጎርፈው ሰው ጥቂቱ ብቻ ነው ወደዚህ የሚያቀናው።

እንዲህ ያለ ሙዚየም ሁለት ፊት አለው። አንዱ ጎብኚ የሚያየው ነው፤ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ አጥቢዎች፣ ክንፋቸውን የዘረጉ ወፎች፣ በመስታወት ሥር በመርፌ የተሰኩ ቢራቢሮዎች። ሌላው ለጥናት የተቀመጠው ነው፤ ዋናው ሀብትም ይሄኛው ነው። ለጥናት የተዘጋጀ ወፍ እንደ ሕያው ቆሞ አይታይም። ሥጋው ወጥቶ ቆዳው፣ የራስ ቅሉ፣ የክንፉና የእግሩ አጥንቶች ይቀራሉ። ውስጡ በጥጥ ይሞላል፤ የዓይኑ ጉድጓድም እንዲሁ። ክንፎቹ ከጎኑ ተጣጥፈው በጀርባው ይተኛል፤ እግሩ ላይ ትንሽ መለያ ወረቀት ይታሰራል።

ይህን ስብስብ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ከጥቃቅን ጠላቶች ጋር ሲታገሉ ይኖራሉ። ላባና ፀጉር የሚበላ ጥንዚዛ አለ፤ አንድ መሳቢያ ከገባ በአጭር ጊዜ ብዙ ያጠፋል። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል። ጥንት ቆዳውን ከነፍሳት ለመጠበቅ አርሴኒክ ይቀቡት ስለነበር የቆዩ ናሙናዎችን በባዶ እጅ መንካት ለጤና ጥሩ አይደለም። ዓሣና እንቁራሪት በፎርማሊን ተዘፍዝፈው በአልኮል ይቀመጣሉ፤ አልኮሉ ስለሚተን በየጊዜው መጨመር አለበት። ይህ ሁሉ ሥራ ከሕዝብ ዓይን ርቆ የሚሠራ፣ ምስጋናም እምብዛም የማያገኝ ሥራ ነው።

ለምን ይደከምበታል? የእንግሊዛዊው የዴሪክ ራትክሊፍ ጥናት አንድ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ በሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ የነበሩ የአዳኝ ወፎችን እንቁላል ቅርፊት መዝኖ አወዳደረ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሰበሰቡት ቅርፊታቸው ሳስቶ ተገኘ። ጊዜው ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት በብዛት መረጨት ከጀመረበት ጋር ይገጥም ነበር። እንቁላሎቹን ከብዙ ዓመታት በፊት የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲዲቲ የሚያውቁት አልነበረም። እነሱ ያደረጉት እንቁላሉን ማስቀመጥና መቼና የት እንደተገኘ መጻፍ ነው። ማስረጃ የሆነው ያ ጽሑፍ ነው።

ቦታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ

በጥናት ስብስብ ውስጥ ከወፉ ይልቅ የሚከበረው እግሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ናሙናው የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ጾታውና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። የዓይኑ ቀለምም ይጻፋል፤ ወፉ ሲደርቅ ጠፍቶ ይቀራልና። መለያ የሌለው ናሙና ፊርማና ቀን እንደሌለው ውል ነው፤ ያምራል እንጂ አይመሰክርም።

ደቡባችን ለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ አላት። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ እንስሳትንና ዕፅዋትን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1893 በቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። ስብስቡ ጣሊያን ሲደርስ በውስጡ ማንም አይቶት የማያውቅ ነጭ ጉትያ ያለው ውብ ወፍ ተገኘ። ቱራኮ ከተባሉት ወፎች ወገን መሆኑ ታወቀ፤ በ1896ም በልዑሉ ስም ተሰየመ። የት እንደተያዘ የሚናገር ማስታወሻ ግን አልነበረም። የሚያውቀው ሰው ሞቷል። በዚህ ምክንያት ወፉ በሳይንቲስቶች ዓይን እንደገና እስኪገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተጠበቀ። በነጌሌና በአሬሮ አካባቢ ያሉ ሰዎች ግን ያን ጊዜ ሁሉ በጓሯቸው ዛፍ ላይ ሲያዩት ኖረዋል።

የልዑሉ ስም አርባ ምንጭ አጠገብም ደርሶ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በጣሊያን ንግሥት በማርገሪታ፣ ጫሞን ደግሞ በሩስፖሊ ስም ሰይሟቸዋል፤ በድሮ ካርታዎች ላይ ይነበባል። ሐይቆቹ የራሳቸው ስም ስለነበራቸው የተጫነባቸው ስም ቀርቷል። ወፉ ግን እስከ ዛሬ በልዑሉ ስም ይጠራል።

> መለያው ላይ የሰፈሩት ሦስት ነገሮች፣ ቦታ፣ ቀንና ሰብሳቢ፣ አንድን ላባ ማስረጃ ያደርጉታል።

ሁለቱን ወፎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዱ ሙሉ አካል አለው፤ አገሩ ግን ጠፍቶበት ነበር። ሌላው አንድ ክንፍ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ሜዳ፣ መቼ እንደተነሣ ግን ይታወቃል። ስለዚህ ፈላጊዎች ከ19 ዓመት በኋላ በቀጥታ ወደ ነጭ ሳር ሜዳ መጡ።

ከሞታ ዋሻ የመጣ ምስክር

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በጋሞ ደጋ፣ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። ጆንና ካትሪን አርተር የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች በቦረዳ ጋሞዎች ዘንድ ለዓመታት ሠርተዋል። የአካባቢው ሽማግሌዎች በጦርነት ዘመን ሰው ይሸሸግባቸው የነበሩ ዋሻዎችን ያመላክቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በሞታ ዋሻ በተደረገው ቁፋሮ ከድንጋይ ክምር በታች የተቀበረ የአንድ ጎልማሳ ወንድ አፅም ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው።

በሞቃት አገር ዘረመል በአጥንት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። በዚህ የተነሣ አፍሪካ በጥንታዊ ዘረመል ጥናት ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። የሞታ ዋሻ ቅዝቃዜ ግን ባይራን ጠበቀው። ከጆሮ ውስጠኛ ክፍል ዙሪያ ካለው፣ በሰውነት ውስጥ እጅግ ጠጣር ከሆነው የራስ ቅል አጥንት በተወሰደ ናሙና ሙሉ የዘር መረጃው ተነበበ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ ከአፍሪካ በዚህ ደረጃ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ልጅ የዘር መረጃ ሆነ። ዛሬ ካሉ ሕዝቦች መካከል በዘር ይበልጥ የሚቀርቡት የደቡብ ኦሞ አሪዎች መሆናቸውም ታወቀ።

የጥናቱ ሌላ ክፍል አነጋጋሪ ነበር። ከ4,500 ዓመት ወዲህ ከእስያ በኩል የተመለሱ ሰዎች ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል የሚል መደምደሚያ ይዞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በኮምፒውተር ስሌቱ ላይ ስሕተት መኖሩ ተደረሰበት፤ ተመራማሪዎቹም በ2016 መጀመሪያ እርማት አወጡ። የዚያ ፍልሰት ጉልህ ምልክት የምሥራቅ አፍሪካ እንጂ የአህጉሩ ሁሉ እንዳልሆነ ተገለጸ። እርማቱ የተቻለው መረጃው ተቀምጦ ስለነበረ ነው። የተቀመጠ ነገር ተመልሶ ይጠየቃል፤ መልሱ ቢሳሳት ይታረማል።

የባይራ ግኝት የመጀመሪያው መለያ በወረቀት አልተጻፈም። ዋሻው የት እንዳለ፣ ማን ይሸሸግበት እንደነበር በሽማግሌዎች አእምሮ ተጽፎ የኖረ ነው። እነሱ ባይናገሩ ኖሮ ባይራ ከድንጋዩ ሥር በቀረ ነበር።

ዓሣው የሚያውቀው መንገድ

አሁን ወደ አዞው ጥያቄ እንመለስ። ሲቀላ ውስጥ ለምሳ የተቀመጠ እንግዳ ዓሣ ሲያዝ ጫሞ የሰጠውን ይበላል። ቆሮሶ ሊሆን ይችላል፤ አምባዛ ወይም ናይል ፐርችም ሊሆን ይችላል። ናይል ፐርች ከሰው የሚከብድ ትልቅ ዓሣ ነው፤ በቱርካና ሐይቅና በናይል ወንዝም ይኖራል።

ዓሣ በየብስ አይሄድም። የአባያና የጫሞ ዓሣዎች ከናይል ዓሣዎች ጋር የሚዛመዱ ከሆነ በመካከላቸው አንድ ጊዜ የውሃ መንገድ ነበረ ማለት ነው። የሐይቅ ደለል ያጠኑ ሰዎች መንገዱን አግኝተውታል። ምሥራቅ አፍሪካ ዛሬ ካለው እጅግ የረጠበ በነበረበት ዘመን፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ባበቃው የዝናብ ዘመን፣ ሐይቆቹ ሞልተው ይፈስሱ ነበር። አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ በሰገን ወንዝ በኩል ጨው ባሕር ወደተባለው ሐይቅ፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካናም በሶባት ወንዝ በኩል ወደ ናይል ይፈስሱ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ዓሣውና አዞው የዚያ ዘመን ነዋሪዎች ሆነው ቀሩ። ባይራ የኖረው መንገዱ ከተዘጋ ጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ጀልባ ነጂዎች ጎብኚውን የአዞ ገበያ ወደሚሉት ዳርቻ ሲወስዱ አባያ ለምን ቀላ፣ ጫሞ ለምን ሰማያዊ ሆነ የሚለውን ያስረዳሉ። አባያ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነው የቀላው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ይህ አፈር ከላይ ያለው ተራራ ምን ያህል እንደተራቆተ ይናገራል። አንድ ጠርሙስ የአባያ ውሃ ቀን ተጽፎበት በየዓመቱ ቢቀመጥ ራሱ የታሪክ መዝገብ ይሆናል።

ዝሆን ያለበት ቤት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሙዝና ከማንጎ ማሳ ወደ እንሰትና ቀርከሃ ያደርሳል። ዶርዜዎች ቤታቸውን በቀርከሃ ይሠሩታል፤ በእንሰት ሆፈር ያለብሱታል። ከመግቢያው በላይ ወደ ፊት የወጣው ክፍል ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን ይመስላሉ። ቤቱ የዝሆን አምሳያ መሆኑን የመንደሩ ሰዎች ለእንግዳ ያስረዳሉ፤ ድሮ በአካባቢው ዝሆን ይኖር እንደነበርም ይጨምሩበታል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ በየጊዜው ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተባብሮ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ዛሬ ዶርዜ ላይ ዝሆን የለም። ቅርጹ ግን በየግቢው ቆሟል።

በጋሞ ደጋ የተጠበቁ ደኖችም አሉ። በአባቶች ሥርዓት ዛፋቸው አይቆረጥም፤ መተላለፉ ጎሜ ነው፤ በሰውም በከብትም በእህልም ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ሸንጎው የሚሰበሰብበት ዱቡሻም ክብር አለው። እምነትና ኑሮ ሲለወጥ፣ መሬት ሲጠብ አንዳንዶቹ ደኖች ሳስተዋል። ዕፅዋት አጥኚዎች ለእነዚህ ቦታዎች ትልቅ ግምት ይሰጣሉ፤ ከዙሪያው የጠፋ ዛፍ በውስጣቸው ይገኛልና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባሪየም በሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ዕፅዋትን ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በእንዲህ ያሉ ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ሽማግሌ ስሙንና ጥቅሙን የሚያውቀው ቅጠል እዚያ ሲደርስ ሁለት እውቀት ይገናኛል።

ቆርኬውስ? ነጭ ሳር የተከለለለት እንስሳ ከሜዳው ጠፍቷል ሲሉ የመስክ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ዛሬ የስዌይን ቆርኬን ለማየት የሚጓዘው ሰው የሚመራው ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ግጦሽ፣ እርሻ፣ አደንና በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ያልተፈታ ጥያቄ ተደራርበውበታል። ፓርኩን ያስተዳድር የነበረው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 ትቶ ወጥቷል። ጥቂት ዓመት ወደፊት ብንሄድ፣ ቆርኬን በዚያ ሜዳ ያየ ሰው ሁሉ ሲያልፍ፣ ለአርባ ምንጭ ልጅ በደጁ ይኖር እንደነበር በምን ይታወቀዋል?

> ዶርዜ ላይ ዝሆን የለም፤ ቅርጹ ግን በየግቢው ቆሟል። ለቆርኬው ማን ምን ያቆምለታል?

ለመንገደኛው

ትንሽ ሙዚየም የሚገባ ሰው ትልቅ ነገር ፍለጋ ከዞረ ቶሎ ይወጣል። የሚሻለው አንድ መስታወት ፊት ቆሞ መለያውን ማንበብ ነው። የት ተገኘ? መቼ? ያ ቦታ ዛሬ ምን ሆኗል? ያ እንስሳ አሁንም አለ? መለያው የሚጎድለው ነገር ካለ አስጎብኚውን ወይም ጠባቂውን መጠየቅ ነውር የለውም። እነዚህን ቤቶች የሚጠብቁ ሰዎች ከጎብኚ ጥያቄ የበለጠ የሚያስደስታቸው ነገር ጥቂት ነው። ልጆች እርሳስና ወረቀት ቢይዙ አንዱን ወፍ መርጠው እንዲስሉት ማድረግ ከሩጫ ጉብኝት ይልቃል። እጅ ግን ወደ ቆዳና ላባ አይዘረጋም፤ ለናሙናውም ለልጁም ደኅንነት ሲባል።

የባዮሎጂ መምህራን ተማሪ የአገሩን እንስሳ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ እያወቀ ያድጋል ሲሉ ያዝናሉ። ሐዘናቸው ተገቢ ነው። የነጭ ሳር ክንፍ ትሪንግ፣ የሩስፖሊ ወፍ ጣሊያን፣ የሌሎች እንስሳት ናሙና አዲስ አበባ ነው። ናሙናዎቹ በወጉ ስለተጠበቁ ማንም የሚከፋበት ምክንያት የለም። የሚያስከፋው ታሪኩ ወደተገኘበት አለመመለሱ ነው። አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የጀመረ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ፓርክ፣ ሁለት ሐይቅ፣ የአዞ እርባታ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ የጉጌ ተራራ አላት። ይህን ሁሉ የሚያያይዝ አንድ ክፍል ይገባታል።

ለክፍሉ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። በተፈጥሮ የሞተ የአዞ ጫጩት፣ ከተፈለፈለ በኋላ የቀረ የእንቁላል ቅርፊት፣ አስጋሪዎች የሚጥሉት የናይል ፐርች አጥንት፣ የሐይቆቹን የድሮ መንገድ የሚያሳይ ካርታ፣ የክንፉ ፎቶግራፍ፣ በመንገድ ተድጠው የተገኙ ወፎች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ያስቆሟቸው እርጥብ ሣር ይዘው ነው፤ ያ ሣር ከነስሙና ከነታሪኩ ደርቆ ቢሰቀል የተፈጥሮም የሰውም ታሪክ ነው። በእያንዳንዱ ሥር ቦታው፣ ቀኑ፣ ያገኘው ሰውና እንስሳው ወይም ተክሉ በጋሞኛና በአማርኛ የሚጠራበት ስም ይጻፍ።

እስከዚያው ጉዞ ያሰበ ሰው አራት ኪሎን አስቀድሞ፣ አርባ ምንጭን አስከትሎ ይሂድ። መሳቢያውን ያየ ዓይን ሜዳውን ሲያይ የጎደለውንም ያያል። የጎደለውን ያየ ሰው ደግሞ የቀረውን ለመጠበቅ ምክንያት አለው።